የቦይለር ቤቱ የእህት ልጅ

«እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቧንቧ የእህትሽ ልጅ ነው» አላት ልጇ፣ ሳህኑ ላይ የቀረውን እንቁላል በዳቦ እየጠረገ። ድምፁ ጨው አቀብዪኝ የሚል ሰው ድምፅ ነበር።

እናትየው ወደ አፏ ያስጠጋችውን የሻይ ብርጭቆ መልሳ አስቀመጠች። ቧንቧ የሚሉት ከታች ላውንደሪው ውስጥ ቦይለሩን የሚጠብቀውን የውጭ አገር ሰው ነው። ቦይለሩ በመርከብ ተጭኖ ሲመጣ አብሮት መጣ፤ ሊተክል የመጣው ሰው ራሱ ተተክሎ ቀረ። እህቷ ደግሞ ልጅ ሳትወልድ በሰው አገር ከሞተች ቆይታለች።

«እህቴ እኮ አልወለደችም» አለች።

«ወለደች በያ! ምን ቸገረሽ? እሷ እንደሆነ አትሰማም።»

ምራቷ ሳቅ ሲያመልጣት አፏን በእጇ ሸፈነች። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሒሳብ ሠራተኛ ግን አልሳቀም፤ እሱ የሚስቀው ግብር ሲቀንስ ብቻ ነው። ይህ ሰው እዚህ ቤት ሻይ በተቀዳ ቁጥር አስቸኳይ ጉዳይ ይዞ ከች ይላል። ዛሬ ግን ጉዳዩ የምር አስቸኳይ ነበር። ትናንት ከማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጥታ ጎረቤት ያለውን የጫማ ፋብሪካ ስትፈትሽ ውላለች፤ ዛሬ ተራው የነሱ ነው። ሕጉ አሠሪ ሁሉ ሠራተኛውን ያስመዝግብ ይላል። ሠራተኛው የአገር ልጅ ይሁን የውጭ ዜጋ ልዩነት የለውም፤ እሱ ከደመወዙ ያዋጣል፣ አሠሪው ከኪሱ ይጨምራል፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈለውን ደግሞ አሠሪው ብቻውን ይሸከማል። ቧንቧ ግን አልተመዘገበም። ለምን ቢባል የውጭ አገር ሰው ነው፣ ነገ ተነገ ወዲያ አገሩ ይገባል፣ ጡረታ ምን ያደርግለታል? «ያላስመዘገብነው ለሱ ብለን ነው» አለ ሒሳብ ሠራተኛው ስኳሩን እያማሰለ። «ደመወዙ እንዳይቆረጥበት አዝነን።»

«ዘመድ የምታደርጉትስ ለማን ብላችሁ ነው?»

«እሱም ለሱ ነው፣ እማማ። ሕጉ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር የቅርብ ዘመድ፣ ያለ ደመወዝ ቤተሰቡን ቢረዳ፣ ሠራተኛ አይባልም። ስለዚህ አይመዘገብም።»

«እሱ እኮ የሚያድረው ታች ነው፤ ቦይለሩ ጎን።»

«ታዲያ ጣሪያው አንድ አይደል?» አለ ልጇ። «ወለሉ ነው የሚለየው።»

እናትየው መንግሥትን የምትፈራ ሴት ናት። ባለሱቅ አሳስቶ ትርፍ መልስ ቢሰጣት ሰፈሩን አቋርጣ ትመልሳለች። አንድ ጊዜ የሕዝብ ቆጠራ ሰዎች መጥተው በዚህ ቤት ማን ማን ይኖራል ሲሏት፣ ደብቃ እንዳትያዝ ብላ ድመቷን አስቆጥራለች። አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው ስታይ ልቧ ይመታል፤ ምንም ሳታጠፋ ይቅርታ የመጠየቅ አምሮት ይመጣባታል። አሁንም ልቧ መምታት ጀመረ። ቢሆንም ከዚያ የባሰ የሚያስጨንቃት ሌላ ነገር ነበር።

«እጁስ?» አለች።

ምራቷ ሳህኖቹን መደራረብ ጀመረች፤ ሒሳብ ሠራተኛው ሰዓቱን አየ። ከሰሞኑ የቦይለሩ ቫልቭ ፈንድቶ የወጣው እንፋሎት የቧንቧን ቀኝ ክንድ ከክርኑ እስከ ጣቶቹ ገሽልጦታል። ሆስፒታል ሄዶ ነበር፤ የሥራ ላይ ጉዳት ከሆነ የዋስትና ቁጥርህን አምጣ፣ ከሌለህ መጀመሪያ ማስያዣ ክፈል ብለው መለሱት። ቁጥር የለውም። ማስያዣውን ማኔጀሩ «እስቲ እናያለን» ብሎ ከፋርማሲ ቅባት አስገዛለት። ማኔጀር የሚባለው ልጇ ነው፤ በበሩ ላይ እንዲህ ብሎ ካስጻፈ ወዲህ ሠራተኞቹ ሌላ ስም እንዳይጠሩት አዟል፤ እሷንም አንድ ቀን በስልክ «ማኔጀሩን ፈልጌ ነው በይ» ብሏታል።

«እጁንማ» አለ ማኔጀሩ ከወንበሩ እየተነሳ፣ «እጀ ረጅም ሸሚዝ ይልበስ።»

ላውንደሪው ለሆቴሎችና ለክሊኒኮች አንሶላ ያጥባል። እናትየው ደረጃውን ይዛ ስትወርድ ሙቀቱ መሀል መንገድ ላይ ተቀበላት፤ የበረኪና ሽታ፣ የማሽኖቹ ጩኸት፣ ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚል ውሃ። በካውያ የሚተኩሱት ሴቶች በእንፋሎቱ ውስጥ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። ለወትሮው ስትወርድ ሰላም ብላቸው ወንበር ይዛ ትቀመጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ፈተና እንደሚጠብቀው ተማሪ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አለፈቻቸው። የእህቴ ልጅ ነው። እህቴ ውጭ አገር ሄዳ እዚያው አግብታ የወለደችው ነው። በቃላት ደረጃ ቀላል ነው። አፏ ውስጥ ግን ቃሉ እንደ ትኩስ ድንች ወዲያና ወዲህ አለባት።

የቦይለሩ ክፍል ገብታ አታውቅም ነበር። በሩን ስትገፋ መጀመሪያ ያየችው ቦይለሩን ነው፤ ከሰው በላይ ይቆማል፣ ደረቱ ላይ የተለጠፈው ቀይ ምልክት ከእሳት፣ ከውሃና ከስርቆት ለመድን የገባ መሆኑን ይናገራል። ልጇ ምልክቱ የተለጠፈ ቀን ፎቶ አንስቶ አሳይቷታል። በቦይለሩና በበረኪና ጀሪካኖቹ መሀል አንድ ቀጭን ፍራሽ ተዘርግቷል። ሱሪና ፎጣ በተርታ የእንፋሎቱ ማስተላለፊያ ብረት ላይ ተሰጥተዋል። ቧንቧ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ አስቀምጦ ነበር። በግራው ማስተካከያውን ይዞ የእንፋሎቱን መለኪያ ያያል።

«እማማ! ታች ምን አመጣሽ?» አላት። ቋንቋውን የተማረው ከካውያ ሴቶች ስለሆነ ለትልቅም ለትንሽም አንድ ነው አነጋገሩ።

«ከዛሬ ጀምሮ አክስቴ በለኝ።»

«ለምን?»

«ማኔጀሩ የእህቴ ልጅ ነህ ብሏል። ተቆጣጣሪ ልትመጣ ነው።»

ቧንቧ ነገሩን እንደ አንድ የተበላሸ ማሽን አገላብጦ አየው። አልተቆጣም። «የእህት ልጅ ስሆን» አለ፣ «እጄን ማን ያሳክማል?»

«ዘመድ ነዋ... ማኔጀሩ።»

«ሠራተኛ ስሆንስ?»

«መንግሥት ይመስለኛል። ከመዋጮው።»

«ማኔጀር እስካሁን አላሳከመም» አለ። «እኔ ዘመድ መሆን አልጠላም፣ እማማ። ግን የትኛው ይሻለኛል? እጄን የሚያድነው የትኛው ነው?»

እናትየው ጎኑ ቁጭ አለች። ፋሻውን በጥንቃቄ ገለጠላት። ሽታው ከበረኪናው ሽታ በላይ መጣ፤ ጣቶቹ አብጠው ገርጥተው የሌላ ሰው ጣቶች መስለዋል። በሁለቱ ላይ ጥፍሯን አስጠግታ ጫን አደረገች። «እዚህ ጋ ስነካህ ይሰማሃል?» ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። «እነዚህ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አይሰሙኝም። ቫልቭ የሚከፍት ሰው ያለ ጣት ምን ይሠራል?»

እናትየውን ትዝ ያለቻት እህቷ ናት። እህቷ ሰው ቤት ልትሠራ ባሕር ማዶ ሄዳ፣ ያገኘችውን እየላከች፣ ይህን ቦታ በሁለቱም ስም አስገዝታለች፤ ላውንደሪውም የላይኛው ቤትም የቆሙት በሱ ላይ ነው። ስትሞት አሠሪዎቿ አንድ ሻንጣና አጭር ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤውን ያነበበላት ሰው «እንደ ቤተሰባችን ነበረች» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁን ለሰስ አደረገው፤ የማጽናኛ ቃል መስሎት። ካሳ የለ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ የለ፣ ጡረታ የለ። ለቤተሰብ ማን ካሳ ይከፍላል? ያን ጊዜ አሠሪዎቿን ረግማለች። ዛሬ ደግሞ ያን ቃል ልጇ ራሱ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በእንቁላልና በዳቦ መሀል ተናገረው።

ሰው ቢዋሽ እንኳ አስተካክሎ መዋሸት አለበት፤ ግማሽ ውሸት ያስይዛል። እናትየው የደረሰችበት ውሳኔ ይህ ነበር፤ ከፍርሃት የመጣ እንጂ ከተንኮል የመጣ አልነበረም። ተቆጣጣሪዋ መጥታ የእህቷን ልጅ በበረኪና መሀል ተኝቶ ብታገኘውስ? ምን ዓይነት አክስት ናት አትልም? «ተነስ» አለችው። «ወደ ላይ ትወጣለህ።»

ሁለት የካውያ ሴቶች ፍራሹን ተሸክመው፣ ሦስተኛዋ ሱሪና ፎጣውን ይዛ ደረጃውን ሲወጡ ላውንደሪው በሙሉ ሥራ አቆመ። «ቧንቧ ቤት ገባ!» አለች አንዷ። «ምነው እማማ፣ ለኔም አንድ የአጎት ልጅነት ቢፈልጉልኝ? ቆሜ መተኮስ ሰልችቶኛል።» «አንቺማ ዘመድ ብትሆኚ ወጥ ቤት ነው የሚከቱሽ» አለቻት ሌላዋ። «ለሴት ዘመድ ሶፋ የለም።» ቧንቧ ራሱ ቀስ እያለ ከኋላ ወጣ፤ በየደረጃው የግድግዳውን ቀለም እያየ። ከመጣ ጀምሮ ይህን ደረጃ ወጥቶት አያውቅም ነበር።

ላይ ቤት ምራቷ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። ሳሎኑ ውስጥ ነጩ ሶፋ ተቀምጧል፤ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተነሳለትም፤ ማኔጀሩ ራሱ እንኳ የሚቀመጥበት ፎቶ ሊነሳ ሲል ብቻ ነው።

«ሶፋው ላይ ሊቀመጥ ነው እንዴ፣ እማማ?»

«የእህቴ ልጅ ወለል ላይ ይቀመጥ?»

«ውሸት እኮ ነው!»

«እንኳን ውሸት ሆነ። እውነት ቢሆን የራሴን አልጋ ነበር የምለቅለት።»

የእንግዳ ክፍሉን ከፈተችለት፣ ንጹሕ አንሶላ አነጠፈች፣ ከማኔጀሩ ቁም ሳጥን የሠርጉን ነጭ ሸሚዝ አወጣች። እጀ ረጅም ይልበስ አልነበር ያለው? ያለው እጀ ረጅም ሸሚዝ የቱ እንደሆነ አልተናገረም። ምራቷ ስልክ ደወለች፤ ማኔጀሩ ከታች ሆኖ «ለዛሬ ብቻ ነው፤ ተያት» አላት። ቧንቧ ፀጉሩ በጥንቃቄ ተበጥሮ፣ በሠርግ ሸሚዝ፣ ላስቲኩ ላይ ተቀመጠ። በተንቀሳቀሰ ቁጥር ላስቲኩ ይጮሃል፤ ስለዚህ አይንቀሳቀስም። እናትየው በማንኪያ ሾርባ ታጎርሰዋለች፤ በየመሀሉ ደግሞ ታጠናዋለች። እናትህ እኔን የምትመስል ነበረች። ቁመቷ አጭር። ስትስቅ ትን ይላት ነበር። ቧንቧ እየዋጠ ያዳምጣል። «ደግ ነበረች?» አላት አንድ ጊዜ። «በጣም» አለች እናትየው፤ ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያው ሙሉ እውነት ነበር።

ተቆጣጣሪዋ የመጣችው ምሳ ሊቀርብ ሲል ነው። ቀጭን፣ ጫማዋ ያለ ተረከዝ፣ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ። ታች ማሽኖቹንም ሰዎቹንም አይታ ጨርሳለች። ማኔጀሩ «እስቲ ትንሽ አረፍ ይበሉ» ብሎ ወደ ላይ ይዟት መጣ፤ ሒሳብ ሠራተኛውም ምሳው ሸትቶት ተከተለ። እሷ ግን ከውሃ በቀር አልቀምስም አለች። ወረቀቷን ዘርግታ ከላውንደሪው የተላከውን የተመዝጋቢዎች ስም አንድ በአንድ ጠራች፤ አንድ ስም ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

«የካውያ ክፍል ኃላፊዋ የትኛዋ ናቸው? ታች አላገኘኋቸውም።» ስሙን ደገመችው። የእናትየው ስም ነበር።

«እኔ?» አለች እናትየው። ልጇን አየች። ልጇ ጣሪያውን አየ።

«ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ በአማካሪነት ነው» አለ ሒሳብ ሠራተኛው።

«የዕቃ ማመላለሻው ሹፌርስ?» የምራቷን ስም ጠራች። ምራቷ እንደ ተማሪ እጇን አነሳች። «ምን ዓይነት መኪና ነው የሚነዱት?»

«ነጭ» አለች ምራቷ።

ተቆጣጣሪዋ ፊቷ ላይ አንድም ነገር ሳይለወጥ ጻፈችው። ከዚያ እስክርቢቶዋን ወደ ሶፋው አነጣጠረች። «ይኸኛውስ?»

«እሱማ ዘመዳችን ነው!» አለ ማኔጀሩ፤ ለዚህ ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘጋጅ ስለነበረ ድምፁ ከሚገባው በላይ ደመቀ። «የአክስቴ ልጅ። ከኛው ጋር ነው የሚኖር። ሲደብረው ታች ወርዶ ቦይለሩን ይነካካል።»

«በዚህ ሰፈር ብቻ» አለች ተቆጣጣሪዋ፣ «ስንት የአክስት ልጅ እንዳየሁ ብነግርዎት። ዘመድ የሌለው አሠሪ አላገኘሁም። ጫማ ፋብሪካው ውስጥ የባለቤቱ ታናሽ ወንድም ብለው ያመጡልኝ ሰውዬ የልጅ ልጅ አለው።» ወደ እናትየው ዞረች። «እርስዎ አክስቱ ነዎት?»

እናትየው ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ነኝ» አለች። «የእህቴ ልጅ ነው።»

«እህትዎ በሕይወት አሉ?»

«የለችም። ውጭ አገር ነው ያረፈችው።»

«ሌላ ልጅ ነበራቸው?»

«ኧረ የላትም። ይኸው ብቻ።» እናትየው የተጠየቀችውን ብቻ መመለስ አትችልበትም፤ ስትፈራ ትጨምራለች። «ምስኪን፣ ለፍታ ለፍታ ነው የሞተችው። ይኼ ቦታ እንኳ የተገዛው እሷ በላከችው ነው፤ በኔና በሷ ስም ነው ያለው።»

ተቆጣጣሪዋ መጻፏን አቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወንበሩ ተደገፈች፤ ውሃዋንም ለመጀመሪያ ጊዜ ተጎነጨች። «እንግዲያው ልክ ናችሁ» አለች። «ይህ ሰው ሠራተኛ አይደለም። የእናቱ ብቸኛ ወራሽ ነው፤ የቦታው ግማሽ የሱ ነው፣ ላውንደሪውም ቤቱም የቆመው በሱ ግማሽ ላይ ነው። የራሱን ቦይለር የሚነካካ ባለቤትን እኔ ምን ብዬ አስመዘግበዋለሁ? ይህንኑ ቃልዎን ልጻፈውና ይፈርሙልኛል፣ እናቴ?»

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ሒሳብ ሠራተኛው ነው፤ የጎረሰውን ሳይውጥ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ምራቷ ገባት፤ ዓይኗ ወደ ሶፋው ሄደ። ቧንቧም አንገቱን አዙሮ ሳሎኑን አየ፤ መጋረጃውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የተቀመጠበትን ላስቲክ።

«ግማሽ?» አለ። «የቱ ጋ ያለው ግማሽ?»

«እፈርማለሁ» አለች እናትየው።

«እማዬ!»

«አንተው አይደለህ ያልከኝ?»

«እሱማ... እንደዚህ ነው ያልኩሽ? ቆይ እስቲ፣ አንድ ስህተት አለ።» ማኔጀሩ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። «እማዬ አርጅታለች፤ ትቀላቅላለች። እማዬ፣ ንገሪያታ! እህትሽ አልወለደችም በያት።»

ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ። እናትየው እጆቿን ጉያዋ ውስጥ አጣምራ ወለሉን አየች። የምትፈራው ተቆጣጣሪዋን ይሁን ልጇን እሷም አልለየችውም። ከነጩ እጅጌ የወጡትን ሁለቱን የገረጡ ጣቶች ግን ታያቸዋለች።

«እኔ በአንድ ቀን ሁለት ቃል አልሰጥም፣ ልጄ» አለች። «የእህቴ ልጅ ነው ብያለሁ፤ እስከ መቃብር ነው። አይደለም የምትል ከሆነ፣ ታዲያ ምንህ እንደሆነ አንተ ንገራቸው።»

«ሠራተኛዬ ነው!» ብሎ ጮኸ ማኔጀሩ። ጩኸቱ በደረጃው ወርዶ ካውያው ክፍል ደረሰ። «ተቀጣሪዬ ነው! ከመጣ ጀምሮ ደመወዝ ነው የምከፍለው! ዘመዴም አይደል ምኔም አይደል! ከቦይለሩ ጋር ነው የመጣው፤ ቦይለሩን ጠይቁት!»

ታች አንድ ሰው አጨበጨበ። ተቆጣጣሪዋ ቦይለሩን መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ያለውን ጻፈችና ወረቀቱን ገፋችለት፤ የፈረመው ማኔጀሩ ነው። ያላስገባው መዋጮ ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ ከነቅጣቱ እንደሚታሰብ ነገረችው፤ የሠራተኛውንም ድርሻ ከደመወዙ መቁረጥ የነበረበት በጊዜው ስለሆነ አሁን ከአሠሪው ኪስ ይወጣል። ሒሳብ ሠራተኛው «ግን እኮ የውጭ ዜጋ ነው፤ ነገ አገሩ ሲገባ ለማን ይተርፋል?» ብሎ ሞከረ። እሷም ከአገሩ ጋር ስምምነት እንዳለ፣ እዚህ የሠራበት ዘመን እዚያ እንደሚቆጠርለት፣ ባይኖር እንኳ ሲሄድ ያዋጣውን ይዞ እንደሚሄድ በጥድፊያ ነገረችው፤ ይህን ብዙ ጊዜ መናገሯ ያስታውቃል። ከዚያ ወደ ቧንቧ ዞራ፣ «በግራ እጅህ ነው ውሃ የጠጣኸው። ግራኝ ነህ?» አለችው።

ቧንቧ የሠርጉን ሸሚዝ እጅጌ ሰበሰበ። ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ ክንዱን አየች። ስትናገር ድምጿ ወርዶ ነበር። ይህን ዛሬውኑ ሆስፒታል ማድረስ አለባችሁ አለች፤ አሠሪው ሳያስመዘግብ ቢቀር የሠራተኛው መብት አይጠፋም፤ ዋስትናው ያሳክመዋል፣ ሒሳቡን ደግሞ ከአሠሪው ይቀበላል።

«ሠራተኛ ከሆንኩ እጄ ይታከማል?» አለ ቧንቧ።

«ዛሬውኑ።»

ቧንቧ ወደ እናትየው ዞረ። «ይቅርታ፣ አክስቴ» አለ። «ሠራተኛ ነኝ።»

ተቆጣጣሪዋ ከመነሳቷ በፊት የሁለቱን ሴቶች ስም ሰረዘች። እናትየው እስክርቢቶው ስሟ ላይ ሲሄድ አየች። «ተባረርኩ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሠርተው ያውቃሉ እንዴ፣ እናቴ?»

«እዚህ ቤት? ከተሠራ ጀምሮ!»

«እሱ አይመዘገብም» አለች ተቆጣጣሪዋ ወረቀቷን እየሰበሰበች፣ ደረጃው ላይ ስትደርስም አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየቻት።

ሆስፒታል ያደረሳቸው ማኔጀሩ ነው፤ ነጩን መኪና እየነዳ። የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ መሪውን በጣቶቹ ይደበድባል፤ እናትየው ከኋላ ሆና የልጇን ጆሮ ታያለች፣ ጆሮው እንደ ቀላ ነው። ሕፃን ሳለ ሲያጠፋ ጆሮው ነበር የሚቀላው። አሳዘናት፤ ወዲያው ደግሞ ማዘኗ አናደዳት። ጎኗ የተቀመጠው ቧንቧ መስኮቱን ከፍቶ ክንዱን ንፋስ ያስመታል።

ለሐኪሙ አንድ እይታ ብቻ በቃው። ቶሎ ቢመጣ ኖሮ ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እጁ ይድናል፤ ነገ ቆዳ ይለጠፍለታል፤ ሁለቱ ጣቶች ግን ለመታጠፋቸው ማረጋገጫ አልሰጥም አለ። ቧንቧ «የትኞቹ ሁለት?» ብሎ ጠየቀና ሲነግሩት ለብቻው በግራ እጁ ቫልቭ የሚከፍት ሰው አስመስሎ በአየር ላይ አዞረ። በሦስት ጣት ይቻል እንደሆነ እየሞከረ ነበር።

ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው። በሌላኛው ላይ እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ ወደ ላይ የተሰቀለ የጭነት መኪና ሹፌር ተኝቷል፤ ከተኛ የቆየ ስለሆነ ወሬ ርቦታል፤ ገና ሲገቡ ጀምሮ አንገቱን አስግጓል። ነርሷ ለማኔጀሩ አንድ ወረቀት ሰጠችው፤ አደጋው እንዴት እንደደረሰ ተጎጂው በቃሉ ይናገራል፣ አሠሪው ይጽፋል፣ ይፈርማል። መጻፊያ ጠረጴዛ አልነበረም። ማኔጀሩ በአልጋው ጫፍ ተቀምጦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«በል ንገረኝ» አለ።

«ቫልቩ ያፈስ ነበር» አለ ቧንቧ። «ቀየር እናድርገው አልኩ። ማኔጀር እስከ በዓል ይሥራ አለ። ከዚያ ፈነዳ።»

ማኔጀሩ ጻፈ። ጽሑፉ ከተነገረው አጠረ። ሹፌሩ በክርኑ ተመርኩዞ፣ የተሰቀለውን እግሩን እንደ ምንም እያወዛወዘ፣ በማኔጀሩ ትከሻ ላይ አጮለቀ።

«ጌታው፣ እሱ እንደዚያ አላለም» አለ።

«ምን?»

«'በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት' ነው የጻፉት። እሱ ያለው ቫልቩን ነው። ለማንበቡ ዓይኔ ደህና ነው፤ የተሰበረው እግሬ ነው።»

«አንተ ምን አገባህ?»

«እኔማ ምን ያገባኛል። እኔ ዓመት ሙሉ ፍሬኑ ይያዝልኝ ስል ኖሬ ነው ይኸው የተሰቀልኩት፤ የኔ አሠሪም እንደርስዎ አሳምሮ ይጽፋል። 'ሹፌሩ ቸኩሎ' ነው ያለው።»

ማኔጀሩ እናቱን አየ። እናትየው ከአልጋው ራስጌ ቆማ የቧንቧን ትራስ አስተካከለች፤ ወደ ልጇ ግን ቀና አላለችም። ማኔጀሩ የጻፈውን ሰረዘና ከሥሩ እንደገና ጀመረ። ቫልቩ ያፈስ ነበር። ተነግሮኝ ነበር። እስክርቢቶው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሞ ቆሞ አለፈ። ሹፌሩ እያየ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ሌላስ አለ?» አለ ማኔጀሩ፣ የለም እንዲባል በሚመኝ ድምፅ።

ቧንቧ አሰበ። «የካውያው ክፍል የኤሌክትሪክ ገመድ ተልጧል» አለ። «ሴቶቹ በእርጥብ እጅ ይነኩታል። ጻፍ።»

«እሱ እኮ የአንተ አደጋ አይደለም።»

«እስካሁን አይደለም። ጻፍ። የትልቁ ማጠቢያ በር ማሽኑ ሲዞር ይከፈታል። የበረኪናው ክፍል አየር የለውም፤ እኔ አውቃለሁ፣ ተኝቼበታለሁ።»

ማኔጀሩ ጻፈ። ፊደሎቹ ወደ ወረቀቱ ግርጌ እየወረዱ ሲሄዱ እያነሱ፣ እየተጨናነቁ መጡ። በመጨረሻ ቀና አለ።

«ቦታ አለቀ» አለ።

«ይገልብጡታ» አለ ሹፌሩ። «ጀርባው እኮ ባዶ ነው።»

ማኔጀሩ ወረቀቱን ገለበጠ።